ምክር ቤቱ ጭቃ ውስጥ የገባ ዕለት

የወረዳው መንገድ ጠራጊ ላይል ላፍለር ግሬደሩን ዶኪያ ሮማንቹክ በር ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ዶኪያ ነገር እንዳለ የገባት ያን ጊዜ ነው። ላይል ሞተር የሚያጠፋ ሰው አይደለም። ሾርባዋን ሲበላ እንኳ ያ ቢጫ ግሬደር ደጅ ቆሞ እየተንደቀደቀ የመስኮቷን መስታወት ሲያንቀጠቅጥ ነው የሚቆየው። ነዳጁ የወረዳው፣ መስታወቱ የእሷ፣ እሱ ምን ቸገረው።

«ሰው ሞተ እንዴ?» አለችው ከበረንዳው ላይ ሆና።

«የሞተ የለም፣ ባባ።»

«ታዲያ ምን እንደ መርዶ ነጋሪ ቆብህን ታሻለህ? ጫማህን አውልቀህ ግባ።»

ባባ፣ በዩክሬንኛ አያቴ፣ ይላታል እንጂ አይዛመዳትም። እሱ ሜቲስ ነው፣ ከአገሬው ነባር ሕዝብና ከፈረንጅ የተቀላቀለ፤ እሷ የዩክሬን ዘር። ግን በአንትለር ሂል ወረዳ የእሷን የቀይ ሥር ሾርባ፣ ቦርሹን፣ የቀመሰ ሁሉ ባባ ነው የሚላት፤ ያልቀመሰ ደግሞ የለም። ድሮ ነው እንጂ አሁንማ ወረዳው ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢመጣ በሁለት ድስት ይጠግባል።

ላይል ገብቶ ተቀመጠ። ቀይ ሾርባውን ቀዳችለት፣ እርጎ ጣል አደረገችበት፣ ዳቦውን ገፋችለት። እሱ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ።

«ሐሙስ ምክር ቤቱ መንገድ ሊያይ ይወጣል» አለ።

«በየዓመቱ ይወጣል። ጭቃው ሲደርቅ አንድ መኪና ውስጥ ተጠቅጥቀው ይዞራሉ፣ የሰው ምሳ ይበላሉ፣ ይገባሉ። ምን አዲስ ነገር አለው?»

«የዘንድሮው ያንቺን መንገድ ለመተው ነው፣ ባባ። ከአስፋልቱ እስከ በርሽ ያለውን። ኦርቪል ነው ያመጣው። ከእንግዲህ ግሬደር አይገባበትም፣ በበረዶው ወራትም አይጠረግም ተብሏል። ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነው አለ።»

«አንድ ሰው ማን?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ?» አለች ዶኪያ፣ ከልቧ ተገርማ።

ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያብራራላት አላስፈለጋትም። በዚያ አገር በረዶ እንደ እንግዳ አይደለም፣ እንደ ባለቤት ነው የሚገባው። መንገዱን የሚጠርገው ካጣ የማሞቂያ ነዳጅ የሚያመጣው ቦቴ አይደርስም፣ ሐኪም አይደርስም፣ ሬሳ የሚያነሳም አይደርስም። መንገዱ ተተወ ማለት ዶኪያ ቤቷን ቆልፋ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ትገባለች ማለት ነው። እዚያ የባሏ እህት ስቴፍካ አለች። ስቴፍካ ድሮ የተጣመመ ጥጃ ከላም ሆድ በእጇ ጎትታ የምታወጣ ሴት ነበረች። አሁን መስኮት አጠገብ ጎልተዋት፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ፎጣ አስረውላት፣ ጥርስ የማይጠይቅ ቀይ ጄሎ በማንኪያ ያጎርሷታል። ዶኪያ ጠይቃት በተመለሰች ቁጥር ኮቷን ሳታወልቅ ወፍራም ቋሊማ ትቆርጥና ቆማ ትበላለች። ጥርስ እንዳላት ለራሷ ለማሳየት ነው።

«ሄደሽ ብታናግሪያቸውስ?» አለ ላይል። «ጽሕፈት ቤቱ ድረስ እኔ አደርስሻለሁ። ለኦርቪል ቀስ ብለሽ ብታስረጂው...»

«ልለምነው?»

«ልመና እንኳ ሳይሆን...»

«ኦርቪል ታንገንን? የዚያን ልጅ ንፍጥ በዚህ ሽርጤ ነው የጠረግሁት። እናቱ በአጨዳ ጊዜ እኔ ላይ ጥላው ስትሄድ እዚች ጠረጴዛ ሥር ነበር የሚተኛው። ትራክተር መንዳት ያስተማረው የኔ ሜትሮ ነው። አጥሬን ደርምሶ እሱ ነው አልቅሶ ሊሞት የነበረው፣ እኔ ነኝ ያባበልሁት። እሱን ነው የምለምነው? ብላ፣ ሾርባህ በረደ።»

ሜትሮ ባሏ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። መንገዱን የሠራው እሱ ነው። ያኔ ወረዳው የቸገረው ስለነበር ግብሩን በጉልበቱ የሚከፍል ይክፈል ብሎ፣ ሜትሮ ከጎረቤቶቹ ጋር አፈር እየቆለለ፣ እየደለደለ፣ ረግረጉን አሻግሮ እስከ በሩ አመጣው። ረግረጉ ጋ ሲደርስ ውሃው በሥር እንዲያልፍ አንዲት ቱቦ ቀበረ። ዶኪያ ምሳ ይዛለት ሄዳ አይታት «ጠበበች» አለችው። አልሰማትም። ወንድ ልጅ ቱቦ ሲቀብር ሴት አይሰማም።

ኦርቪል ታንገን ክፉ ሰው አይደለም፤ የእውነቱን መናገር ያስፈልጋል። የወረዳው ሊቀመንበር ነው፣ አባቱም ሊቀመንበር ነበር። ጎረቤት ሲያረጅና ልጆቹ ወደ ከተማ ሲነጉዱበት መሬቱን ይገዛዋል፣ አያጭበረብርም። ከዚያ ግን ኤክስካቫተር ያመጣና ጉድጓድ ያስቆፍራል። ቤቱን፣ በረቱን፣ የውሻውን ጎጆ ሳይቀር ገፍቶ ይከትበታል፤ አፈር ይመልስበትና በዓመቱ ምስር ይዘራበታል። ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ምስሩ ይለመልማል። እንዲህ እያለ ከዶኪያ መስኮት እስከ ሰማዩ ጫፍ የሚታየው ሁሉ የእሱ ሆነ። መሐል ላይ የቀረችው የዶኪያ ግቢ ናት፤ አፍ ውስጥ እንደ ቀረች አንዲት ጥርስ። ማሳዋንም ቢሆን ለእሱ አከራይታዋለች። ግቢዋን ግን ሽጪልኝ ባላት ቁጥር «ስሞት ትጠይቀኛለህ» ትለዋለች።

ረቡዕ ዝናብ ጣለ። ቀኑን ሙሉ ያለ ነፋስ፣ ያለ ነጎድጓድ፣ እንደ ወረዳ ስብሰባ ማለቂያ የሌለው ዝናብ። ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ ጠርቶ፣ ፀሐዩ ወጥቶ፣ ላይ ላዩን ላየው ሁሉ ነገር የደረቀ ይመስላል። አይምሰልህ። የዚያ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው፣ ሲርስ ሙጫ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ሳይመታው ጤነኛ ሰው ጎማ አያሳርፍበትም። ይህን በአንትለር ሂል ሕፃን ያውቀዋል። ኦርቪልም ያውቀዋል።

ዶኪያ ቁርሷን እንደጨረሰች ስልክ ደወለችለት።

«ኦርቪል፣ ዶኪያ ነኝ።»

«ኦ፣ ወይዘሮ ሮማንቹክ! እንደምን አደሩ?»

ዶኪያ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው። ወይዘሮ ሮማንቹክ! ጠረጴዛ ሥር የሚተኛው ልጅ!

«ዛሬ አትምጡ» አለችው። «መንገዱ ርሷል። ነገ ኑ፣ ወይ ቅዳሜ።»



«ወይዘሮ ሮማንቹክ፣ ቀኑ ተወስኗል እኮ። የምክር ቤቱ አባላት ሥራ ፈትተው መጥተዋል።»

«ተመልሰው ሥራ ይያዙ። ረግረጉ ጋ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቷል። ቱቦዋ አልቻለችውም።»

«አያስቡ፣ መኪናው አዲስ ነው፣ አራቱም ጎማ ነው የሚጎትተው።»

«አራት ይሁን አርባ፣ ዋልካው ጎማ አይቆጥርም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ኦርቪል። ከጀርባው ሰው ሲስቅ ይሰማል። «መንገዱን እንድናየው አልፈለጉም። ችግር የለም፣ እናየዋለን። ቀትር ላይ እንደርሳለን።»

ዶኪያ ስልኩን አስቀመጠች። የነገረችው እውነቱን ነው፣ አንድ ቃል አልጨመረችበትም። እውነቱን ከነገረችው ደግሞ በግድ እንደሚመጣ ታውቃለች። አትምጣ ሲሉት የመጣ ልጅ ነበር፣ አትውጣ ሲሉት ዛፍ ላይ የወጣ። ሁለቱም ነገር ልቧን አልከበዳትም።

ከዚያ ሁለት ሥራ ሠራች። መጀመሪያ ጋራዡ ውስጥ ገብታ ለቀይዋ ትራክተር ግራሶ ቀባች። ቀጥላ እጇን ታጥባ ፒሮሂ የሚሆን ሊጥ አቦካች፣ ድንቹን በአይብ ለወሰች፣ ትንንሽ ኪስ እያደረገች ትሞላ ጀመር። ምክንያቱም የመንገድ ጉብኝት ልማድ አለው። ቀትር ላይ ምክር ቤቱ የተገኘበት ቤት ያበላል፤ ጠላትም ቢሆን ያበላል። ሲበሉ ቆይተው ሊቀመንበሩ ባለቤቱን «መንገዱ ምን ይፈልጋል?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ «ጠጠር» ይላል። ይጨባበጡና ይሄዳሉ። ሲሆን የኖረው እንዲህ ነው። ከጠጠር ሌላ የጠየቀ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም።

አገሩ ሜዳ ስለሆነ ማን ወዴት እንደሚሄድ ገና ሳይደርስ ያስታውቃል። ዶኪያ የብረት ድስቷን እሳት ላይ ጥዳ በመስኮቱ ስታይ፣ ብርማው ፒክአፕ ከአስፋልቱ ታጠፈ። ባለ ሁለት ጋቢና ነው፣ ምክር ቤቱን በሙሉ ከነጸሐፊዋ አጭቋል። ደህና መጣ። ረግረጉ አጠገብ ሲደርስ ዝግ አለ። እዚያው ቢመለስ ኖሮ ሰው ይባል ነበር። ኦርቪል ግን ነዳጅ ሰጠው። ፒክአፑ በረዶ ላይ እንደ ቆመች ላም እግሮቹ ተበታተኑበት፣ በጎኑ ተንሸራተተና ቂጡን ቦይ ውስጥ ዘፍዝፎ ቁጭ አለ። በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። ጭቃውን አዩት መሰለኝ፣ መልሰው ተዘጉ።

ዶኪያ ድስቱን ከደነችና ሽንኩርት ልትተክል ወጣች።

ሞባይል እዚያ ረግረግ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ኦርቪልና ግሌንዳ በእግራቸው መጡ። ግሌንዳ የዶኪያን ሰፈር ወክላ ምክር ቤቱ ውስጥ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሳቅ የሚቀናት። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በካልሲዋ ነው የመጣችው። ኦርቪል ጫማውን አላወለቀም፤ ሊቀመንበር ነዋ። ሥሩ የተለጠፈው ዋልካ ሙልሙል ዳቦ ያህላል።

«ምነው ኦርቪል፣ ቁመት ጨመርህ?» አለችው ዶኪያ ቀና ሳትል።

«ስልክ ልጠቀም ነበር።»

«ተጠቀም። ያን ቁመትህን ደጅ አውልቀህ ግባ።»

ላይል ጋ ደወለ። ላይል ግሬደሩን ይዞ በወረዳው ሌላኛ ጫፍ ነበር። «ዛሬ አልደርስም፣ ብደርስም ርጥብ መንገድ ላይ ግሬደር አላስገባም፣ አርሼው ነው የምወጣው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ ማድ ቤቱን ሞላው። ኦርቪል ዘጋበት።

«ሃልቨርሰን ጋ ልደውል» አለ ለራሱ ይመስል።

«ሃልቨርሰን ጋ?» አለች ዶኪያ። «ደውል። ቤቱን የት እንደቀበርኸው ታስታውሳለህ?»

«ኩዚክ... የኩዚክ ልጅ ትልቅ ትራክተር ነበረው።»

«ነበረው። ሽጦልህ ሄደ።»

«ቲሰን...» ብሎ ራሱ አቆመ።

«ቲሰንም፣ ኩዚክም፣ ሃልቨርሰንም ምስር ሆነዋል፣ ኦርቪል። ደውልላቸው እስቲ፤ ምስሩ ያነሳ እንደሆነ።»

ግሌንዳ ሳቋን በካልሲዋ ልታፍነው ሞከረች፤ ካልሲው ጭቃ ነበር። ኦርቪል ስልኩን መልሶ ሰቀለ። ፊቱ ቀይ ሽንኩርት መሰለ። ወደ እሷ ዞሮም፣

«ባባ» አለ።

እንዲህ ብሎ ከጠራት ስንት ዘመኑ! 

«ባባ፣ ያቺ ትራክተርሽ ትነሳለች?»

«ትነሳለች።»

«እንግዲህ... ብታወጪን፣ የመንገዱን ነገር መልሰን እንነጋገርበታለን።»

 ድስቱ ይፍለቀለቃል። ግሌንዳ የዶኪያን ፊት አየች። እሺ በይው፣ እንቢ አትበይው፣ በእግዚአብሔር እሺ በይው እያለች በልቧ ትጸልያለች፤ ኋላ ለሰው ሁሉ የተናገረችው ይህንኑ ነው። አሮጊቷ በእጇ ያላት ነገር ያ ብቻ ነበር። ቦይ ውስጥ የተዘፈዘፈ ምክር ቤት። ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን አስምሎ፣ አስፈርሞ፣ ምስክር አቁሞ ነው የሚወስደው።

ዶኪያ የድስት ጨርቋን አስቀመጠች።

«ምን አልህ?»

«እንነጋገርበታለን ነው ያልሁት፣ ምን ክፉ ነገር...»

«ጭቃ የያዘው ሰው ላይ ዋጋ ጠርቼ አውቃለሁ? አባትህን ሜትሮ ከበረዶ ስንት ጊዜ ጎተተው? እናትህ ምጥ ይዟት አንተን ሆዷ ውስጥ ይዛ ከዚያው ረግረግ፣ ከዚያው ቦይ ያወጣት ማን ነው? ምን ተቀበለ? ቡና እንኳ አልጠጣም፤ ላሞቹ ሳይታለቡ ነበር የሄደው። እዚህ አገር መጎተት አይሸጥም፣ ኦርቪል። መጎተቱን ሸጬልህ መንገዱ ቢቀርልኝ፣ የኔ መንገድ አይደለም። ይህን ከረሳህማ ሊቀመንበርነቱም ይቅርብህ። ተነስ፣ ጫማህን አድርግ።»

ኦርቪል ኩም አለ። ተነሳ።

ጋራዡ ውስጥ ግን ዶኪያ የትራክተሯ ጎማ ላይ ትንሽ ተደገፈች። ያየው የለም። ከቦዩ ካወጣቻቸው በኋላ «እናመሰግናለን» ብለው ገብተው መንገዱ ይተው ብለው እጃቸውን ቢያወጡስ? ያወጣሉ፣ ምን ይደረጋል። ስቴፍካንና ቀዩን ጄሎ አሰበች። ከዚያ ቾኩን ሳበችና ትራክተሯን አስነሳች። ትራክተሯ ሳል እንደያዘው አጫሽ ሁለት ሦስት ጊዜ አስላ፣ ጥቁር ጭስ ተፍታ፣ ተነሳች። ዶኪያም አብራት ተነሳች።

መንገዱን አልነካችውም። በሳሩ ጠርዝ ጠርዝ፣ ሥሩ አፈሩን በያዘበት በኩል፣ ቀስ እያለች ረግረጉ ጋ ደረሰች። መኪናው ውስጥ የቀሩት በመስኮት አንገታቸውን አሰገጉ። ከነሱ አንዱ ሽማግሌው ኮርኒ ፍሪሰን ነው፤ ጆሮው የማይሰማ፣ ሆዱ የሚሰማ።

«ምሳ ደርሷል ወይ?» ብሎ ጮኸባት።

«መጀመሪያ ከቦይ ውጣ!» ብላ ጮኸችበት።

ሰንሰለቱን ለኦርቪል ወረወረችለት።

«የት ልሰረው?»

«ያስተማረህ ሰው የነገረህ ቦታ። ሥሩ ግባ።»

ኦርቪል አዲሱን ጃኬቱን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ ከዚያ በሆዱ ተኛ። ተኝቶ ሳለ ከአፍንጫው ፊት ለፊት ውሃው ቱቦዋ አፍ ላይ እየተሽከረከረ፣ መግባት አቅቶት፣ ከላይ መንገዱን እየበላ ሲያልፍ አየው። ለረጅም ጊዜ ነው ያየው፤ ሰንሰለቱ ቶሎ አልገባ ብሎት ነበር።

«ገባ!»

«ውጣ እንግዲያ፣ እንዳልጎትትህ!»

ዶኪያ ክላቹን እንደ ጨቅላ ልጅ አባብላ ለቀቀችው። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ትራክተሯ አጓራች፣ የፊት ጎማዋ ትንሽ ከመሬት ለቀቀ፣ አንድ ሰው ከመኪናው ውስጥ የጌታን ስም ጠራ። ከዚያ ዋልካው ጥርስ እንደሚነቀልበት ድድ ጧ ብሎ ለቀቀ፤ ፒክአፑም ምክር ቤቱን እንደያዘ ወደ ሳሩ ወጣ። ዶኪያ አላቆመችም። እስከ ግቢዋ ጎትታ አስገባቻቸው።

ምሳ የበሉት በካልሲያቸው ነው። ጫማው ሁሉ በረንዳው ላይ እንደ ሞተ ዳክዬ ተደርድሯል። ፒሮሂውን በቅቤ የተጠበሰ ሽንኩርት አፍስሳበት አቀረበች፣ ቋሊማም ቆረጠች፣ ለማጣጣሚያም ጎምዘዝ የሚል የሩባርብ ፓይ ነበር። ኮርኒ ቀና አላለም። ኦርቪል የሜትሮን የድሮ ሸሚዝ ተሰጥቶት ለብሷል፣ የራሱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። እጅጌው አጥሮበታል። ስለ መንገዱ ማንም ትንፍሽ አላለም። ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ምስር ዋጋ ተወራ፣ የማን ልጅ የት እንደገባ ተወራ። ዶኪያ ታሳልፋለች፣ ትጨምራለች፣ ሳህን ታነሳለች።

ፓይው ተቆረጠ። ሁሉም ኦርቪልን አየ። ኦርቪል ሹካውን አየ።

«ጠይቃት እንጂ» አለች ግሌንዳ። «ልማድ ነው።»

«ዛሬ እንኳ...»

«ቀትር የሆነው እዚህ ነው። ምሳ የበላኸው እዚህ ነው። ጠይቅ።»

ኦርቪል ጉሮሮውን ጠረገ።

«መንገዱ... ምን ይፈልጋል፣ ባባ?»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ትለምናለች ብላ ነው፤ የሰው ልመና ማየት የማትወድ ልጅ ናት። ዶኪያ ቢላዋውን በሽርጧ ጠረገች።

«ሰፋ ያለ ቱቦ» አለች።

«ምን?»

«ረግረጉ ጋ። ሜትሮ የቀበራት ጠባብ ናት። ለሜትሮ ነግሬዋለሁ፣ ለአባትህ ነግሬዋለሁ፣ ለአንተም በስልክ ነግሬሃለሁ። ዛሬ በሆድህ ተኝተህ አየኻት። ጠጠር አልፈልግም፤ ጠጠሩን ዋልካው ይውጠዋል። ቱቦ ነው የምፈልገው። ከአጨዳ በፊት።»

«ባባ፣ እኛ ዛሬ የመጣነው እኮ...»

«ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ጠየቅኸኝ፣ መለስሁልህ። ፓይ የሚጨመርለት ማን ነው?»

«ለኔ!» አለ ኮርኒ። ከዚያ ወደ ግሌንዳ ዞሮ፣ «ቱቦ ነው ያለችው? ልክ ናት። መስኮቱ በኔ በኩል ስለሆነ ስመለከታት ነበር። ያቺ ቱቦ አይደለችም፣ ገለባ ናት» አለ።

ግሌንዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል።

«በሚቀጥለው ስብሰባ ቱቦውን የማቀርበው እኔ ነኝ» አለች። «በተተወ መንገድ ላይ ደግሞ ቱቦ አይቀበርም። ስለዚህ አንዱን እንመርጣለን። የሚደግፈኝ አለ?»

ኮርኒ ሹካውን አወጣ፤ ጫፉ ላይ ፒሮሂ ተሰክቶበታል። ከማዶ የተቀመጠውም ሰው እጁን አወጣ። ቀጥሎ ያለውም ኦርቪልን በጎን እያየ አወጣ።

ኦርቪል ወደ መስኮቱ ዞረ። ከመስኮቱ ወዲያ የሚታየው የእሱ ምስር ነው፣ ገና ከመሬት ብቅ ያለ፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ ድረስ። አንድ ጣሪያ የለም፣ አንድ ጭስ የለም። ፒክአፑ የተዘፈቀበት ቦታ ከዚህ በግልጽ ይታያል፤ ትልቅ ጥቁር ቁስል ሆኗል።

«አንቺ ባትኖሪ ማን ያየን ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

 ዶኪያ ፓይ ጨመረችለት።

«ስፋቷ ምን ያህል ይሁን?» አለ ኦርቪል።

ዶኪያ ክንዶቿን ወፍራም ጥጃ እንደምታቅፍ ሰው ዘርግታ አሳየችው።

«ይሄማ የወንዝ ነው!»

«አዎ፣ የወንዝ ነው። አላየኸውም?»

ፒክአፑ እዚያው አደረ። ዶኪያ መንገዱን ደግማችሁ አታርሱብኝም ብላ ቁልፉን ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ተሳቢውን ከትራክተሯ ጋር አያያዘች፣ የድርቆሽ እስር ደረደረችበት፤ የአንትለር ሂል ወረዳ ምክር ቤትም ከነጸሐፊዋ ድርቆሹ ላይ ተቀመጠ። በሳሩ ጠርዝ እየተንገጫገጩ ሄዱ። ኮርኒ የቀረውን ፓይ በጨርቅ ቋጥሮ ይዟል። ኦርቪል በሜትሮ ሸሚዝ ኋላ ጫፉ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ በዚያው ተሳቢ፣ በዚያው ቦታ፣ ልጅ ሆኖ ይቀመጥ እንደነበረው።

አስፋልቱ ጋ ላይል፣ ግሌንዳ ደውላለት ግሬደሩን ትቶ፣ መኪናውን ይዞ ሊወስዳቸው ቆሞ ነበር። ያየውን አይቶ ቆቡን አወለቀ። በዚያ አገር ነጂ ነጂን ሲያገኝ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ከዚያ በላይ ግርግር ነው። ዶኪያ አንድ ጣቷን አነሳችለት። ከዚያ ሁሉንም አራገፈችና ሽንኩርቷን ልትጨርስ ተመለሰች።

ቱቦው ከአጨዳ በፊት መጣ። ላይል በኤክስካቫተር የሜትሮን ቱቦ አውጥቶ አዲሱን ሲያወርድ ዶኪያ ምሳ ይዛለት ሄዳ ከላይ ቆመች። ክንዶቿን ዘርግታ ለካችው።

«ጠበበች» አለች።

«ባባ፣ ከነበረው ሁለት እጥፍ እኮ ነው!»

«ጠበበች ብያለሁ። ለኦርቪል ንገረው፣ በሚመጣው ዓመት ቀትር ላይ ሲመጣ ይጠይቀኝ። አሁን ውጣና ብላ፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል።»